እርዳታው ደርሷል፤ ሰውስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ከተማ ድህነት የሚጻፈው አብዛኛው ስለ ገቢ፣ ስለ ቤትና ስለ ሥራ ነው። ይህ ተገቢ ነው። በመሀል ከተማ ድሃ ሰፈሮች ግን ከገንዘብ እጦት ጎን ለጎን የሚሄድ፣ በሪፖርት ላይ ቦታ ያላገኘ ሌላ እጦት አለ፤ እሱም ከሰው መነጠል ነው። ስንት ቤተሰብ ድጎማ እንደተቀበለ ይመዘገባል፤ ስንት ብርድ ልብስ እንደታደለም ይመዘገባል። ሳምንቱን ሙሉ ከማንም ጋር ሳይነጋገር የከረመው ስንት ሰው እንደሆነ የሚጠይቅ ግን የለም። ሲጠየቅም መልሱ ቀድሞ የተዘጋጀ ነው፦ «ጉርብትና ጠፋ፣ ሰዉ ተለወጠ፣ ዘመኑ ከፋ»። በዚህ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን መልስ አንቀበለውም። ሰው ቤቱን ዘግቶ የሚቀመጠው ደረጃው፣ መንገዱ፣ የእርዳታው ደንብና የተዘጋው ሱቅ አንድ በአንድ መውጫ ስለሚያሳጡት ነው። እነዚህ ደግሞ የሚታዩ፣ የሚለኩ፣ ሊስተካከሉም የሚችሉ ነገሮች ናቸው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለዚህ የቺካጎን ያህል ጥርት ያለ ማስረጃ የለም። በጁላይ 1995 በዚያች የአሜሪካ ከተማ ሙቀቱ 41 ዲግሪ ሴልሺየስ ደረሰ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከወትሮው በላይ 739 ሰዎች ሞቱ፤ የአስከሬን ማቆያው ሞልቶ ማቀዝቀዣ የተገጠመላቸው የጭነት መኪኖች በር ላይ እስከ መሰለፍ ተደረሰ። ሶሲዮሎጂስቱ ኤሪክ ክላይነንበርግ ሟቾቹን በየሰፈራቸው ለይቶ ሲመረምር ድህነት ብቻውን የማይፈታው እንቆቅልሽ ገጠመው። ኖርዝ ላውንዴልና ሳውዝ ላውንዴል ድንበርተኛ ሰፈሮች ናቸው። ብቻቸውን የሚኖሩና በድህነት ውስጥ ያሉ አረጋውያን በሁለቱም በተቀራራቢ መጠን ነበሩ። በመጀመሪያው ሰፈር ከ100,000 ነዋሪ 40 ያህል ሰው ሲሞት በሁለተኛው 4 እንኳ አልሞላም።

ልዩነቱ ያለው ከቤት ውጭ ነበር። ኖርዝ ላውንዴል በ1960 ወደ 125,000 የሚጠጋ ሕዝብ ነበረው። ፋብሪካዎቹና ትላልቅ ቀጣሪዎቹ ሲለቁ ሕዝቡም ለቀቀ፤ በ1990 ከ50,000 በታች ቀረ። ሱቆቹ ተዘጉ፤ ቤት በፈረሰበት ቦታ አረም በቀለ። ለአንድ አረጋዊ ከቤት መውጣት ማለት ምንም ወደሌለበት ሄዶ፣ በመንገድ ላይ ዝርፊያን ፈርቶ መመለስ ሆነ። መስኮት ከፍቶ መተኛት እንኳ የሚያስፈራ ስለነበር ብዙዎች በዚያ ሙቀት መስኮታቸውን ቆልፈው ከረሙ። በሳውዝ ላውንዴል መንገዱ በሱቅና በእግረኛ የተሞላ ነበር። አረጋውያኑ የሚሄዱበት ቀዝቃዛ ሱቅ ነበራቸው፤ በቀሩ ጊዜም መቅረታቸውን የሚያስተውል አላጡም።

በጤና ተመራማሪዎች የተደረገና በ1996 የታተመ ጥናትም ይህንኑ በሌላ መንገድ አረጋግጧል። የሞቱትን በዕድሜና በሰፈር ከሚመስሏቸው በሕይወት ከተረፉ ሰዎች ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ብቻውን መኖር፣ በየቀኑ ከቤት አለመውጣትና የሕንፃው የመጨረሻ ፎቅ ላይ መኖር የሞትን ዕድል በጣም ከፍ አድርገውታል። በአካባቢው ወዳጅ ያለው ወይም በማንኛውም የቡድን እንቅስቃሴ የሚሳተፍ ሰው ደግሞ የመትረፍ ዕድሉ የተሻለ ነበር። አንድ የሚያስገርም ነገርም ታየ። ብቻቸውን ከሚኖሩት አረጋውያን አብዛኞቹ ሴቶች ሆነው ሳለ፣ ዕድሜ ተስተካክሎ ሲሰላ በብዛት የሞቱት ወንዶች ናቸው። ወሳጅ ዘመድ አጥተው በመንግሥት የተቀበሩትም በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ። ወደዚህ ነጥብ እንመለሳለን፤ እርዳታ የሚያዘጋጁ ሰዎች አዘውትረው የሚስቱት እዚህ ላይ ነውና።

ድህነት ሰውን የሚነጥልበት መንገድ ብዙ ነው። ከሁሉ የሚሰወረው የውለታ ሒሳብ ነው። ብድር በምድር ነውና የሚመልሰው የሌለው ሰው መጀመሪያ መጋበዝ ያቆማል፤ ቀጥሎ ሲጋበዝ ሰበብ ያበዛል፤ በመጨረሻ በሩ ሲንኳኳ የሌለ መስሎ ዝም ይላል። ከውጭ ላየው ኩራት ይመስላል። ስልክ መሙያ ያጣም እንዲሁ ነው፤ ደውሎ የማያውቅ ሰው ሲደወልለትም ይቀራል። «አይዞህ፣ ከሰው ጋር ተቀላቀል» የሚለው ምክር ለእንዲህ ያለ ሰው ፋይዳ የለውም። ሳያፍር የሚቀላቀልበት፣ መግቢያው ነፃ የሆነ፣ ምንም ሳይገዛ የሚቀመጥበት ቦታ ነው የሚያሻው።

ደረጃና መንገድም አሉ። ሊፍት በተበላሸበት ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ጉልበቱ የደከመ ሰው እስረኛ ነው። የደረጃ መብራት በሰዓት ቆጣሪ የሚጠፋ ከሆነ በሕንፃው ውስጥ እጅግ ቀስ ብሎ የሚወጣው ነዋሪ አንዱን ፎቅ በስንት ሰከንድ እንደሚጨርስ ተለክቶ መብራቱ በእጥፉ መሞላት አለበት። በብዙ ቦታ የሚሞላው ግን በወጣት እግር ነው፤ ሽማግሌው መሀል ላይ ይጨልምበታል፤ አንድ ጊዜ ከወደቀ በኋላ ሁለተኛ አይወርድም። የእግረኛ መሻገሪያ መብራትም በብዙ አገር በሴኮንድ 1.2 ሜትር የሚራመድ ሰው ታስቦ ይቀመራል። በእንግሊዝ በ2012 በታተመ ጥናት ዕድሜያቸው 65 ከሆነና ከዚያ በላይ ካሉት መካከል ከሴቶቹ 85 በመቶ፣ ከወንዶቹ 76 በመቶ ከዚህ ፍጥነት በታች ነው የሚሄዱት። ሒሳቡን እንሥራው፦ 12 ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ በታሰበው ፍጥነት ለመሻገር 10 ሰከንድ ይበቃል፤ በሴኮንድ 0.8 ሜትር ለሚሄድ ሰው ግን 15 ሰከንድ ያስፈልጋል። አምስት ሰከንድ ማዶ ያለውን ፋርማሲ ከማይደረስበት ቦታ ያደርገዋል። መቀመጫም እንደዚሁ ነው። ሰው በሚበዛበት የእግረኛ መንገድ በየ50 ሜትሩ አንድ አግዳሚ፣ ከመሬት 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ፣ መደገፊያና ተይዞ የሚነሱበት የክንድ ማሳረፊያ ያለው መሆን አለበት። ዝቅ ያለ አግዳሚ ለወጣት ጥሩ ነው፤ አረጋዊ ግን ከተቀመጠበት መነሳት ስለማይችል ይሸሸዋል። የሕዝብ መጸዳጃ ቤት የሌለበት መንገድ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው፣ በተለይም የስኳር ሕመምተኞችና አረጋውያን ሴቶች፣ ጨርሶ አይወጡም። ይህን ለመናገር ስለሚያፍሩ በመጠይቅ ላይ አይገኝም፤ በተዘዋዋሪ መጠየቅ ያስፈልጋል።

መኪናም ይነጥላል። የከተማ ዲዛይን ባለሙያው ዶናልድ አፕልያርድ በአሜሪካዋ ሳን ፍራንሲስኮ ሦስት ተመሳሳይ መንገዶችን አነጻጽሮ ነበር። በቀን 2,000 ያህል መኪና በሚያልፍበት መንገድ አንድ ነዋሪ በዚያው መንገድ በአማካይ 3 ወዳጅ ሲኖረው፣ 16,000 በሚያልፍበት ግን አንድ እንኳ አይሞላም፤ 0.9 ነው። ፈጣን መንገድ በመሀላቸው የሚቀደደው ደግሞ በአብዛኛው የድሃ ሰፈሮች ናቸው፤ የሚቃወም አቅም ያለው የለማ።

የእርዳታ ደንብ የሚያደርሰው ጉዳት ብዙ አይነገርለትም። ሁለት ሰዎች በአንድ ቤት ሲኖሩ ድጎማው ይቀነሳል የሚል ደንብ፣ ታማሚ እናቱን ሊያስታምም የሚመጣውን ልጅ፣ ወይም ኪራይ ተካፍለው ሊኖሩ የሚሹ ሁለት መበለቶችን ይቀጣል። በአሜሪካ ይህ ነገር ጫፍ ደርሶ ነበር። ብዙ ግዛቶች በቤቱ ውስጥ ወንድ ከተገኘ የልጆቹን እርዳታ ይቆርጡ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን አሠራር የሻረው በ1968 ነው። እስከዚያ ድረስ አባት ከልጆቹ ተለይቶ መኖርን ደንቡ ራሱ አስተምሯል። ዛሬ ደግሞ ክፍያ ወደ ስልክና ካርድ እየተዛወረ ነው። ሰልፉ ቀርቷል፤ የትራንስፖርት ወጪውም ቀርቷል፤ በዚህ ማንም አይከፋም። ነገር ግን ለአንዳንዱ ሰው ያ ሰልፍ በወር አንድ ጊዜ ስሙ የሚጠራበት ብቸኛ ቦታ ነበር። አሠራሩን የሚለውጥ መሥሪያ ቤት በአካል ይመጡ የነበሩትን፣ በተለይም ለብቻቸው ይመጡ የነበሩትን ዝርዝር አስቀድሞ ይዞ፣ ከለውጡ በኋላ ባሉት ወራት ቤታቸው ሄዶ ሊጠይቃቸው ይገባል።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት መነጠልን መለየት ያስፈልጋል፤ መድኃኒታቸው የተለያየ ነውና። አንደኛው ማንም የሌለው ሰው ነው። ሁለተኛው ጎረቤቱን ሁሉ የሚያውቅ፣ ነገር ግን የሚያውቀው ሁሉ እንደ እሱ ሥራ ያጣ ሰው ነው። ሶሲዮሎጂስቱ ዊሊያም ጁሊየስ ዊልሰን በ1980ዎቹ ያነሳው ሁለተኛውን ነበር፤ ሥራ ከሰፈሩ ሲሸሽ የሥራ ወሬም አብሮ ይሸሻል። ሌላው ሶሲዮሎጂስት ማርክ ግራኖቬተር በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ በሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል ጠቋሚያቸውን አዘውትረው ያገኙት የነበሩት 17 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። የቀሩት ሥራውን የሰሙት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ከሚያገኙት ሰው ነው። የቅርብ ወዳጅ የሚያውቀው እኛ የምናውቀውን ነው። ስለዚህ ለሁለተኛው ዓይነት ሰው ሌላ የሰፈር ስብሰባ መጨመር ብዙ አይረዳውም። ከሌላ ሰፈር ሰዎች ጋር የሚያገናኘው የሙያ ሥልጠና፣ የስፖርት ቡድን ወይም የልጆች ትምህርት ቤት ይሻለዋል። ለመጀመሪያው ዓይነት ግን በሩ ድረስ መሄድ ግድ ነው። ከዚህ በታች የምናወራው ስለ እሱ ነው።

የተነጠሉ ሰዎችን ለማግኘት በር ለበር የሚሠራ መዝገብ ቀላል ይመስላል፤ የሚበላሸውም ቀላል መስሎ ስለሚጀመር ነው። ለአንድ የመዝገብ ክፍል የሚበቃው ከ25 እስከ 30 በር ነው፤ አንድ የደረጃ መውጫ ወይም አንድ ጠባብ መንገድ ማለት ነው። ከዚያ ሲበዛ ጎብኚው ፊት ማስታወስ ያቅተውና ሥራው ፎርም መሙላት ይሆናል። ጎብኚዎቹ ሁለት ሆነው ይሂዱ፤ አንደኛው በዚያ ደረጃ ላይ የሚታወቅ ይሁን። «ብቸኛ ሰዎችን እየመዘገብን ነው» ብሎ መግባት በር ያዘጋል። ስለ ደረጃው መብራት፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ቆሻሻ ማስወገጃው ይጠየቅ፤ ጥያቄው ግን የእውነት ይሁን፤ የተነገረው ብልሽትም ይጠገን። ካልተጠገነ በሁለተኛው ጉብኝት የሚከፍት አይገኝም።

በር ያልከፈተ ቤት «ሰው የለም» ተብሎ መጻፍ ያለበት በሦስት የተለያዩ ሰዓቶች፣ ማለትም ጠዋት፣ ከሥራ መውጫ በኋላና በዕረፍት ቀን፣ ተሞክሮ ነው። ከዚያም የሱቅ ባለቤቱ፣ የሕንፃው ጥበቃ፣ የቆጣሪ አንባቢውና የፋርማሲ ሠራተኛዋ ይጠየቁ። እነሱ የሚያውቁትን ያህል የሚያውቅ መሥሪያ ቤት የለም። ቆጣሪው ለወራት እምብዛም ያልተንቀሳቀሰ ቤት፣ ቀንና ሌሊት መብራት የሚበራበት ቤት፣ ቆሻሻ የማይወጣበት ቤት፣ በር ሥር ወረቀት የተከማቸበት ቤት ቅድሚያ ያግኙ።

ጥያቄዎቹን ከራስ መፍጠር አያስፈልግም። ሉበን የተባለው ባለሙያ ያዘጋጀው ባለስድስት ጥያቄ መለኪያ አለ። ሦስት ጥያቄዎች ስለ ዘመድ ይጠየቃሉ፤ እነዚያው ሦስቱ ስለ ወዳጅና ጎረቤት ይደገማሉ። ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ የሚያዩት ወይም ድምፁን የሚሰሙት ስንት ሰው አለ? ገመናዎን ሳይሳቀቁ የሚያዋዩት ስንት ሰው አለ? ድረስልኝ ብለው የሚጠሩት ስንት ሰው አለ? ማንም ከሌለ 0፣ አንድ ሰው 1፣ ሁለት ሰው 2፣ ከሦስት እስከ አራት 3፣ ከአምስት እስከ ስምንት 4፣ ዘጠኝና ከዚያ በላይ 5 ይሰጣል። ድምሩ ከ30 ነው፤ ከ12 በታች ያገኘ ሰው ለመነጠል የተጋለጠ ተብሎ ይያዛል። ይህ የሚለካው የሰው ብዛትን ነው። ብቸኝነት ሌላ ነው፤ ልጆችና የልጅ ልጆች በሞሉበት ቤት ሆኖ ብቸኝነት የሚሰማው አለ። ለእሱ ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ፦ አጫዋች እንዳጡ፣ እንደተገለሉና ከሌሎች እንደተነጠሉ ምን ያህል ጊዜ ይሰማዎታል? «ከስንት አንዴ» 1፣ «አንዳንድ ጊዜ» 2፣ «ብዙ ጊዜ» 3 ሆኖ ከ9 ይደመራል፤ 6 እና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩረት ይሻል። በመጀመሪያው ቀን፣ በር ላይ ቆሞ ይህን መጠየቅ ነውር ነው፤ ለሁለተኛው ወይም ለሦስተኛው ጉብኝት ይቆይ። በቃል ይነበብ። ዘመድ ስለ ሰውየው ሆኖ እንዳይመልስ ይደረግ፤ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖር ዘመድ «እኛ እያለን ምን ይጎድልባቸዋል» ማለቱ አይቀርምና።

በመዝገቡ ለእያንዳንዱ ሰው በሚያዘው ካርድ ላይ የሚሰፍረው ጥቂት ነው፦ ፎቁ፣ ስልኩ፣ በየትኛው ሰዓት ቤት እንደሚገኝ፣ የመስማት፣ የማየት ወይም የመራመድ ችግር፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሕክምና መሣሪያ ወይም ቅዝቃዜ የሚፈልግ መድኃኒት፣ ትርፍ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለና ችግር ሲደርስ ማን እንደሚጠራ። የመጨረሻው መስመር ይህ ይሁን፦ «ለሌላው ምን ማድረግ ይችላል?» ቀደም ብለን ያነሳናቸው ወንዶች ከእርዳታው የሚጠፉት ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ሲቀር ነው። «ልንረዳዎት መጣን» ሲባል በሩን የሚዘጋ ጡረተኛ፣ «ቧንቧው ያንጠባጥባል፤ እስቲ ቢያዩልን» ሲባል መሣሪያውን ይዞ ይወርዳል። ፊት ለፊት ተቀምጦ ስለ ስሜት ማውራት ያስጨንቀዋል፤ ጎን ለጎን ሆኖ ወንበር ሲጠግን ግን ያወራል። የብቸኞች መሰብሰቢያ ተብሎ ስም የወጣለት ቤት ውስጥ ማንም አይገባም።

ጉብኝቱ ስንት ጊዜ ይሁን? በሉበን መለኪያ ከ12 በታች ላገኘ ሰው በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ በአካል አንዱ በስልክ። ለቀረው በወር አንድ ጊዜ ይበቃል። በከባድ ሙቀት፣ በብርድ ወይም መብራት ለረጅም ሰዓት በጠፋበት ወቅት በየቀኑ፤ በሙቀት ደግሞ ማታም ጭምር፣ የሚገድለው ሳይበርድ የሚያድረው ሌሊት ነውና። ስልክ ያላነሳ ሰው ሲኖር የሚደረገው ቅደም ተከተል አስቀድሞ ከራሱ ጋር ስምምነት ይደረግበት፦ ሄዶ ማንኳኳት፣ ጎረቤት መጠየቅ፣ ቁልፍ ያዡን መጥራት፤ ይህ ሁሉ በሁለት ሰዓት ውስጥ አልቆ መልስ ከሌለ ወደ ድንገተኛ እርዳታ ወይም ፖሊስ መደወል። ሰው የሚሞተው «እስከ ነገ እንይ» በሚለው ይሉኝታ ነው።

ብልሽቱ ከየት ይመጣል? ከፈቃድ ይጀምራል። በፈረንሳይ በኦገስት 2003 በነበረው ሙቀት 15,000 ያህል ሰው ከሞተ በኋላ፣ እያንዳንዱ ከንቲባ የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞችን መዝገብ እንዲይዝ በ2004 በሕግ ተደነገገ። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ምዝገባው በጥያቄ ስለሆነ የሚመዘገበው መዝገቡ መኖሩን የሰማ፣ ማለትም አስቀድሞ ከሰው ጋር የተገናኘ ሰው ነው። ስለዚህ ምዝገባው በፈቃድ ይቀጥል፤ ፍለጋው ግን የነዋሪውን መምጣት አይጠብቅ። ሁለተኛው ብልሽት ምስጢር ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ ሰዎች አድራሻ ለሌባ ካርታ ነው። ስምና የቤት ቁጥር በተለያየ ወረቀት ይያዝ፤ ዝርዝሩ ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም ቡድን አይዙር፤ ለአከራይም ሆነ ለድጎማ ተቆጣጣሪ አይሰጥ። አንድ ሰው በዚህ መዝገብ ምክንያት ከቤቱ ተባረረ ከተባለ ደረጃው በሙሉ በሩን ይዘጋል። ሦስተኛው እርጅና ነው፤ ተከራይ በሚበዛበት ሰፈር መዝገቡ በየሦስት ወሩ ካልታደሰ የሌሉ ሰዎች ስም ይሆናል።

አራተኛው በጎ ፈቃደኞቹ ናቸው። በጅማሬው ሰው ይትረፈረፋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግማሹ የለም። ስንፍና አይደለም። የስልክና የመንገድ ወጪያቸውን ከኪሳቸው ይከፍላሉ፤ የሰውን ኀዘን ተሸክመው የሚያዋዩት የላቸውም፤ የዘገቡትን ችግር የሚፈታ አያገኙም። ለ200 ወይም ለ300 በር አንድ ደመወዝተኛ አስተባባሪ፣ በግማሽ ቀንም ቢሆን፣ መኖር አለበት። በሳምንት አንድ ሰዓት ይገናኙ፤ ወጪያቸው ይመለስ፤ አገልግሎታቸው የሚያበቃበት ቀን ከመጀመሪያው ይታወቅ። የሚለቅ ጎብኚ ተተኪውን ይዞ ሄዶ በአካል ያስተዋውቅ። ለስድስት ወር በየሳምንቱ መጥቶ አንድ ቀን የሚጠፋ ጎብኚ ጨርሶ ካልመጣው የባሰ ይጎዳል። ለአስተባባሪ ደመወዝ በጀት ያልያዘ ፕሮጀክት ባይጀመር ይሻላል የምንለውም ለዚህ ነው፤ ለጋሾች ይህን መስማት አይወዱም።

ስለ ማፍረስና ማዛወር ደግሞ ሁለት ምሳሌ እናንሳ። በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ በ1950ዎቹ አጋማሽ የተሠራው ፕሩት አይጎ የተባለ የመንግሥት የኪራይ ቤቶች ግቢ 33 ባለ11 ፎቅ ሕንፃዎችና 2,870 ቤቶች ነበሩት። ሊፍቱ የሚቆመው በ1ኛ፣ በ4ኛ፣ በ7ኛና በ10ኛ ፎቅ ብቻ ነበር፤ የታሰበው ነዋሪው በእነዚህ ፎቆች ሰፊ መተላለፊያ ላይ እንዲገናኝ ነው። መተላለፊያው ግን የሁሉም በመሆኑ የማንም ሳይሆን ቀረ፤ ተፈራ፤ ሰው ሮጦ የሚያልፍበት ሆነ። የጥገናው ገንዘብ ከኪራይ የሚገኝ ስለነበር ነዋሪው ሲቀንስ ጥገናው ቀነሰ፤ ጥገናው ሲቀንስ ነዋሪው ሸሸ። በ1972 ማፍረስ ተጀመረ። ሁለተኛው በ1994 በአምስት የአሜሪካ ከተሞች የተጀመረው ሙከራ ነው፤ 4,600 ያህል ድሃ ቤተሰቦች በዕጣ ተከፍለው ከፊሎቹ ድህነት ወዳልበዛበት ሰፈር የሚዛወሩበት የኪራይ ድጎማ ተሰጣቸው። ከ13 ዓመት በታች ሆነው የተዛወሩ ልጆች ሲያድጉ ገቢያቸው ከእኩዮቻቸው በ31 በመቶ በለጠ። የአዋቂዎቹ ጤና ተሻሻለ፤ ገቢያቸው ግን አልተለወጠም። ከ13 ዓመት በኋላ የተዛወሩት ልጆች ደግሞ አልተጠቀሙም። ድጎማው ከተሰጣቸውም ግማሽ ያህሉ አልሄዱም። ማዛወር ለሁሉም አንድ ዓይነት ነገር አያደርግም፤ ሕፃን ይጠቅማል፤ ሥር የሰደደውን ይነቅላል።

መፍረሱ የማይቀር ከሆነ ከመፍረሱ በፊት እያንዳንዱ ቤት ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ፦ ቁልፍዎ ማን ዘንድ ነው? ልጅዎን ማን ይጠብቅልዎታል? ሲታመሙ መድኃኒት ማን ይገዛልዎታል? መልሶቹ ሲያያዙ ማን ከማን ጋር መቆየት እንዳለበት ይታያል። ብዙ ጊዜ ቤት የሚደለደለው በዕጣ ነው፤ አድልዎ እንዳይኖር ነው፤ ትክክል ነው። ነገር ግን ዕጣው ለየቤተሰቡ ከሚወጣ ለተያያዙ ቤተሰቦች ቡድን ቢወጣ ፍትሐዊነቱ አይጎድልም፤ ማንም የትኛው ሕንፃ እንደሚደርሰው አያውቅምና። አረጋዊው ምድር ቤት ሲሰጠው ቁልፍ ያዡም በዚያው ደረጃ ይሁን። «አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው» ማለት አይበቃም፤ ሁለት ሕንፃ ማዶ ያለ ጎረቤት ሌሊት አይጠራም።

ባዶ ቦታን በሚመለከት የአሜሪካዋ ከተማ ፊላደልፊያ ጥሩ ትምህርት አላት። 541 ባዶ ቦታዎች በዕጣ ተመርጠው ከፊሎቹ ተጸዱ፤ መሬቱ ተደላደለ፤ ሣርና ጥቂት ዛፎች ተተከሉ፤ መግቢያ ክፍት ያለው ዝቅተኛ የእንጨት አጥር ተደረገላቸው፤ በየጊዜውም ይታጨዱ ነበር። በ2018 በታተመው ውጤት አጠገባቸው የሚኖሩ ሰዎች የመንፈስ ጭንቀት ስሜት ምንም ካልተሠራበት ቦታ ጋር ሲነጻጸር በ41.5 በመቶ ቀነሰ። አጥሩ ዝቅተኛና ክፍት መሆኑን ልብ ይሏል፤ ረጅም የሽቦ አጥር ቦታውን ከቆሻሻ ቢጠብቅም ሰውንም ያስቀራል።

ከጋዜጣችሁ የምንጠይቀው ይህ ነው። አንድ የእርዳታ ፕሮግራም ሲመረቅ ወይም አንድ ሰፈር ሲነሳ ዘጋቢዎቻችሁ ስለ በጀቱና ስለ ቤቶቹ ቁጥር ከጠየቁ በኋላ ኃላፊውን ሦስት ነገር ይጨምሩለት። ከአንድ ደረጃ የወጡ ስንት ቤተሰቦች በአንድ ደረጃ ገቡ? ስልክ ያላነሳ ሰው ሲኖር በማን ኃላፊነት፣ በስንት ሰዓት ውስጥ በሩ ይንኳኳል? የአስተባባሪው ደመወዝ የስንት ዓመት ተይዟል? መልሱ «እየተሠራበት ነው» ከሆነም እንደዚያው ይታተም፤ ከስድስት ወር በኋላም ተመልሶ ይጠየቅ።

ከአክብሮት ጋር፣
በከተማ ማኅበራዊ ሥራ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች